ቫይረሱ ነው ወይስ የራሳችን ሰውነት? በኢንፌክሽን ጊዜ ቆሽት ውስጥ የሚሆነው

ከኮሮና ወዲህ አንድ ወሬ ከማኅበራዊ ሚዲያ አልጠፋም። "ኮሮና ይዞኝ ዳንኩ፣ ብዙም ሳይቆይ ስኳር አለብህ ተባልኩ" የሚል ነው። ከሥሩ ሁሌ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይከተላል። አንዱ ቫይረሱ ቆሽትህን በልቶት ነው ይላል። ሌላው ስኳሩ ድሮም ነበረብህ፣ አሁን ስለተመረመርክ ነው የታየው ብሎ ነገሩን ይዘጋል።

ሁለቱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ግን ሁለቱም ቸኩለዋል። ቫይረስ ቆሽትን ሊጎዳ መቻሉ አዲስ ነገር አይደለም። ከጆሮ ደግፍ በኋላ ስኳር በሽታ የመጣበት ሰው ታሪክ ኖርዌይ ውስጥ በሕክምና ጽሑፍ የሰፈረው በ1864 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሚያከራክረው አጎዳዱ ነው። የትኛውን ሴል ነው የሚነካው? ሴሉን ራሱ ይገድለዋል ወይስ ሰውነት እንዲገድለው ያደርጋል? ይህን ለመመለስ እስከ ሴሉ ድረስ መውረድ ግድ ይላል።

አንድ ቆሽት፣ ሁለት ሥራ

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ በአዋቂ ሰው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም እጢ ነው። አብዛኛው ክፍሉ አሲናር የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ሥራቸው ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ማምረት ነው። ኢንዛይም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ያመረቱት ሁሉ በቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይፈሳል።

በእነዚህ መሀል ተበታትነው የተቀመጡ ትንንሽ የሴል ስብስቦች አሉ። ጀርመናዊው ፖል ላንገርሃንስ በ1869 ገና ተማሪ ሳለ ስለገለጻቸው የላንገርሃንስ ደሴቶች ይባላሉ። ቁጥራቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል፤ ክብደታቸው ግን ከቆሽቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢሆን ነው። ኢንሱሊን የሚያመርቱት ቤታ ሴሎች ያሉት እነዚህ ውስጥ ነው። ኢንሱሊን ደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሴሎች እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው።

ይህን ክፍፍል ካልያዝን ቀሪው ይምታታብናል። ቫይረስ አሲናር ሴሎችን ከመታ የሚመጣው ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ነው፤ ሆድን ሰቅዞ ይይዛል፣ ወደ ጀርባ ይወጋል፣ ያስመልሳል። ቤታ ሴሎችን ከመታ ግን ሰውየው ምንም ላይሰማው ይችላል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ጥማቱ፣ ቶሎ ቶሎ መሽናቱና ክብደት መቀነሱ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ፈጪው ክፍል ሲመታ

አሲናር ሴል የሚያመርተው አደገኛ ነገር ነው። ትሪፕሲን የሚባለው ኢንዛይም ሥጋ ይፈጫል፤ እኛም ሥጋ ነን። ስለዚህ ሴሉ ትሪፕሲንን ገና ባልነቃ መልኩ፣ ትሪፕሲኖጅን አድርጎ ነው የሚያዘጋጀው። በአፎቱ እንዳለ ቢላ ማለት ነው። ከአፎቱ የሚወጣው ትንሹ አንጀት ሲደርስ፣ እዚያ ያለ ሌላ ኢንዛይም ቆርጦ ሲያነቃው ነው።

ሴሉ ሲታመም ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ሴሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከልክ በላይ ይወጣል፣ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይደክማሉ፣ ትሪፕሲኖጅን የያዙት ከረጢቶች ደግሞ ሊዞዞም ከሚባሉት፣ የሴሉን ቆሻሻ ከሚፈጩት ከረጢቶች ጋር ይቀላቀላሉ። ሊዞዞም ውስጥ ያለው ካቴፕሲን ቢ የተባለ ኢንዛይም ትሪፕሲኖጅኑን ይቆርጠዋል። ትሪፕሲን እዚያው ሴሉ ውስጥ ነቃ ማለት ነው። እሱ ሌሎቹን ኢንዛይሞች ያነቃል፣ ሴሉ ራሱን መፍጨት ይጀምራል፣ ይፈነዳል፣ የፈሰሰው ጎረቤት ሴሎችን ይነካል፣ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። ቆሽቱ ያብጣል፣ ሕመሙም ይጠናል።

ይህ ሰንሰለት የቫይረስ ብቻ አይደለም። የሐሞት ጠጠርም አልኮልም የሚያደርሱት እዚሁ ነው። እንዲያውም አብዛኛው የቆሽት መቆጣት የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው፤ የቫይረስ ድርሻ ትንሽ ነው። የቫይረስ ልዩነቱ ሴሉ ውስጥ ገብቶ መራባቱ ነው። ኮክሳኪ ቢ3 የተባለው ቫይረስ አይጦች ላይ ሲሞከር አሲናር ሴሎችን ጠራርጎ ያጠፋና ደሴቶቹን ባብዛኛው ሳይነካ ይተዋቸዋል። ዘዴኛም ነው። ሴል ያረጀ ዕቃውን በሽፋን ጠቅልሎ የሚያስወግድበት ኦቶፋጂ የሚባል አሠራር አለው፤ ቫይረሱ ይህን ሽፋን መራቢያው ያደርገዋል። በ2012 በታተመ ጥናት አሲናር ሴሎቻቸው ኦቶፋጂ መሥራት እንዳይችሉ በተደረጉ አይጦች ውስጥ ቫይረሱ በደንብ መራባት አቃተው፤ የቆሽታቸው ጉዳትም ቀነሰ።

ብዙ ሰው የሚደናገርበት አንድ ነገር እዚህ ላይ ይነሳ። የደም ምርመራ ላይ አሚሌዝ የሚባለው ኢንዛይም ከፍ ካለ ወዲያው "ቆሽት ተጎድቷል" ይባላል። ነገር ግን አሚሌዝን የምራቅ እጢም ያመርተዋል፤ ጆሮ ደግፍ ደግሞ በዋናነት የሚያሳብጠው የምራቅ እጢን ነው! ላይፔዝ የሚባለው የተሻለ ምልክት ነው፤ እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ሐኪሞች ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ነው የሚሉት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ የታወቀው ዓይነት የሆድ ሕመም፣ ከመደበኛው ጣሪያ ቢያንስ ሦስት እጥፍ የሆነ የኢንዛይም መጠን፣ በምስል የሚታይ ለውጥ። በኮሮና ጊዜ ኢንዛይሙ ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ሁሉ ቆሽቱ እንደተመታ ተወራ። ይህን መስፈርት ብናስቀምጥ ብዙው ወሬ አያልፍም።

ቤታ ሴል ለምን ተጋላጭ ሆነ?

አንድ ቤታ ሴል በሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ እስከ አንድ ሚሊዮን የኢንሱሊን ሞለኪውል ሊያመርት ይችላል። ይህን ሁሉ ፕሮቲን አጣጥፎ ቅርጽ የሚያስይዘው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም የሚባለው የሴሉ ክፍል ነው፤ በደህናው ቀንም ጫና አያጣውም። በዚያ ላይ ቤታ ሴል ጎጂ የኦክስጅን ውህዶችን የሚያከሽፉ እንደ ካታሌዝ ያሉ ኢንዛይሞች የሉትም በሚያሰኝ ደረጃ ጥቂት ነው ያለው። ሲመታ የሚቋቋምበት አቅም ቀድሞውኑ ሥራው ላይ አልቋል።

አሁን ወደ መግቢያው እንሂድ። ቫይረስ ሴል ውስጥ ለመግባት ሪሴፕተር ይፈልጋል፤ ሪሴፕተር የሚጣበቅበት መቀበያ ፕሮቲን ነው። የኮክሳኪ ቢ መቀበያ ካር ይባላል። በ2018 የታተመ ሥራ አንድ የሚገርም ነገር አሳየ፦ የሰው ቤታ ሴል ውስጥ አንዱ የካር ዓይነት በብዛት ያለው ኢንሱሊን የታጨቀባቸው ከረጢቶች ላይ ነው። የደም ስኳር ሲጨምር እነዚህ ከረጢቶች ወደ ሴሉ ጠርዝ ሄደው ይከፈታሉ፣ ኢንሱሊኑ ይወጣል፣ የከረጢቱ ሽፋን ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሃዳል። ያኔ ካርም ወደ ውጭ ብቅ ይላል፣ ሽፋኑ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሲሳብም ቫይረሱን ይዞት ሊገባ ይችላል የሚል ግምት አለ። ግምቱ ከተረጋገጠ ቤታ ሴሉ ለቫይረሱ የሚጋለጠው ዋና ሥራውን ሲሠራ ነው ማለት ነው። ይህ ክፉ ዕድል ካልሆነ ምን ይባላል?

ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር ጭካኔ አለው። ኮክሳኪ ቢ ኢንቴሮቫይረስ ከሚባሉት፣ በአንጀት በኩል ከሚዛመቱት ቫይረሶች ወገን ነው። የዘር መረጃው አርኤንኤ ነው፤ ርዝመቱ 7,400 ፊደል ገደማ። ይህ አርኤንኤ የሴሉ ፕሮቲን መሥሪያ በሆነው ራይቦዞም ላይ በቀጥታ ይነበባል። ከሚመረቱት ነገሮች አንዱ 2ኤ የሚባል ቆራጭ ፕሮቲን ነው። 2ኤ የሴሉ የራሱ መልእክቶች ራይቦዞም ላይ እንዲወጡ የሚያግዘውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ቫይረሱ በሌላ መንገድ ስለሚነበብ ይህ አያስጨንቀውም። ስለዚህ የሴሉ ምርት ይቆማል፣ የቫይረሱ ይቀጥላል። ኢንሱሊንም ከሚቆሙት አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ ሴሉ እስካሁን አልሞተም፤ ሥራ ብቻ ነው ያቆመው።

ሁሉም የቫይረስ ዝርያ ደግሞ እኩል አይደለም። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። አንዳንዱ ከአርኤንኤው መነሻ ላይ ትንሽ ተቆርጦበት በዝግታ እየተራባ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ስኳር በሽታን የሚያጠኑ ሰዎች ይበልጥ የሚፈሩት ይህን ዝምተኛውን ነው።

ታዲያ ገዳዩ ማነው?

በቫይረስ የተያዘ ሴል ዝም አይልም። ኤምዲኤ5 የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ቫይረሱ ሲራባ የሚፈጠረውን ድርብ አርኤንኤ ሲያገኝ ማንቂያ ያስነሳል። ሴሉ ኢንተርፌሮን ይለቃል፣ ጎረቤቶቹ ይጠነቀቃሉ። ከዚያ ኤችኤልኤ ክፍል 1 የሚባሉ ፕሮቲኖች በሴሉ ገጽ ላይ ይበዛሉ። የእነሱ ሥራ ሴሉ ውስጥ ካሉት ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ ወስዶ ለበሽታ ተከላካይ ሴሎች ማሳየት ነው። ከሚያሳዩት ውስጥ የቫይረሱ ቁራጭ አለ። የኢንሱሊን ጥሬ ዕቃ ቁራጭም አለ። ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎች መጥተው ያዩታል፤ ካልወደዱት ሴሉን ይገድሉታል። ስኳር በሽታ በተገኘባቸው ማግሥት የሞቱ ሰዎች ቆሽት ሲመረመር ኤችኤልኤ ክፍል 1 ከልክ በላይ የበዛባቸው ደሴቶች መታየታቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

እና ዓይነት 1 የስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው። ኦቶኢሚዩን ነው፤ ሰውነት በራሱ ሴሎች ላይ የሚዘምትበት በሽታ ማለት ነው። በአዋቂነት የሚበዛው፣ ከክብደትና ከኢንሱሊን አለመታዘዝ ጋር የተያያዘው ዓይነት 2 ሌላ ነገር ነው። ወሬው ውስጥ ግን ሁለቱ ሁልጊዜ ይደባለቃሉ።

በዚህ ሙግት ለእኔ ከሁሉ የሚመዝነው ማስረጃ በ2009 የወጣው ነው። ኤምዲኤ5ን በሚሠራው ጂን ላይ፣ ሥራውን የሚያዳክሙ ብርቅ ለውጦች ያሏቸው ሰዎች ተገኙ። ዓይነት 1 ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ያነሰ ነበር። እስቲ አስቡት። ዋናው ገዳይ ቫይረሱ ቢሆን ኖሮ ማንቂያው የደከመበት ሰው ይበልጥ መጎዳት ነበረበት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ቤታ ሴሎችን የሚጨርሰው በአብዛኛው የሰውነት ምላሽ ነው ለሚሉት ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ቲ ሴሎቹ እንዴት ተሳስተው ይጀምራሉ በሚለው ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ጥፋቱን መመሳሰል ላይ ይጥላል። ጋድ65 የሚባለው የቤታ ሴል ፕሮቲንና 2ሲ የሚባለው የኮክሳኪ ፕሮቲን ስድስት ተከታታይ አሚኖ አሲዶች አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ቫይረሱን ያሳደደ ቲ ሴል ቤታ ሴሉንም ያሳድዳል ተባለ። ሐሳቡ ስለሚያምር በ1990ዎቹ ብዙ ተወራለት። በ1998 የታተመ የአይጥ ሙከራ ግን መመሳሰሉ አላስፈለገውም። ቫይረሱ ቆሽቱን ሲያቆስል የተለቀቁት ፕሮቲኖች፣ ቀድመው የነበሩትን የቤታ ሴል ጠላት ቲ ሴሎች ለመቀስቀስ በቂ ሆነው ተገኙ። አሁን ሚዛኑ ወደዚህኛው ያደላል።

የትኛውም ይሁን፣ ከልጅነት በኋላ ቤታ ሴሎች እምብዛም አይባዙም። የአሲናር ክፍል ከቀላል መቆጣት ብዙ ጊዜ ያገግማል። ደሴቶቹ ግን የከሰሩትን መመለስ ይቸግራቸዋል።

ማስረጃው ምን ያህል ይጸናል?

በ1979 በታተመ ዘገባ መሠረት አሜሪካ ውስጥ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ጉንፋን የመሰለ ሕመም ይዞት ብዙም ሳይቆይ በስኳር በሽታ ምክንያት ሞተ። ከቆሽቱ የኮክሳኪ ቢ4 ወገን ቫይረስ ወጣ። ቫይረሱ ለአይጦች ሲሰጥ ቤታ ሴሎቻቸው ተጎዱ፣ ስኳራቸው ጨመረ። አስደንጋጭ ነበር፤ ግን አንድ ልጅ ነው። ከአንድ ልጅ ተነስቶ ስለ ሚሊዮኖች መናገር አይቻልም።

በ2009 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ በተጠራቀሙ የቆሽት ናሙናዎች ላይ የኢንቴሮቫይረስ ቅርፊት ፕሮቲን ተፈለገ። ስኳር በቅርቡ ከተገኘባቸው 72 ወጣቶች በ44ቱ ደሴቶች ውስጥ ታየ። ስኳር ካልነበረባቸው 50 ሕፃናትና ልጆች የታየው በ3ቱ ብቻ ነው። ሁሉም ግን ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ ናሙናዎች ናቸው።

ኖርዌይ ውስጥ ዲቪድ በሚባለው ጥናት የተደረገው ከዚህም ይገፋል። ስኳር ከተገኘባቸው ሳምንታት ብቻ የሆናቸው ስድስት በጎ ፈቃደኛ አዋቂዎች ከቆሽታቸው ጫፍ ትንሽ ክፍል በቀዶ ሕክምና እንዲወሰድ ፈቀዱ። በ2015 በወጣው ውጤት የቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን በስድስቱም ደሴቶች ውስጥ ተገኘ፤ አርኤንኤው በአራቱ። ቀዶ ሕክምናው ግን በከፊሎቹ ላይ ችግር ስላስከተለ ጥናቱ ከስድስት ሰው አላለፈም። እነዚያ ናሙናዎች ዛሬም እየተጠኑ ነው።

ተጠራጣሪዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ፕሮቲኑን ለማየት የሚውለው አንቲቦዲ (ከአንድ ዒላማ ጋር የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን) በአንዳንድ ሁኔታ የሰውን ፕሮቲንም ይነካል ይላሉ። የሚገኘው የቫይረስ መጠን በጣም ትንሽ ነው ይላሉ። ምናልባት የታመመ ደሴት ነው ቫይረስ የሚስበው፣ እንጂ ቫይረሱ አይደለም ደሴቱን ያሳመመው ብለውም ይጠይቃሉ። ትልቁ ጥያቄያቸው ግን ቀላል ነው፦ ኢንቴሮቫይረስ የማይዘው ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ ስኳር የሚይዘው ግን ጥቂቱ ነው። ለምን?

መልሱ ከፊሉ ዘር ነው፤ አንዳንድ የኤችኤልኤ ጂን ዓይነቶች አደጋውን ብዙ ያንሩታል። ሌላው የቆይታ ጉዳይ ይመስላል። ቴዲ የሚባለው፣ በአሜሪካ፣ በፊንላንድ፣ በጀርመንና በስዊድን ያሉ ልጆችን ከጨቅላነት ጀምሮ የሚከታተለው ጥናት ሰገራቸውን በየወሩ እየወሰደ ቫይረስ ፈለገ። መጥቶ የሚሄድ ኢንፌክሽን አደጋውን አልጨመረም። ተመሳሳዩ ኢንቴሮቫይረስ ቢ በተከታታይ ናሙናዎች ላይ ሲገኝ ግን፣ ማለትም ልጁ ቫይረሱን ቶሎ ማስወገድ ሲያቅተው፣ በቤታ ሴል ላይ የሚነሱ፣ የዓይነት 1 ቀዳሚ ምልክት የሆኑ አንቲቦዲዎች የመታየት ዕድላቸው ጨመረ። ይህ ከላይ ካየነው በዝግታ ከሚራባው ዝርያ ጋር ይገጥማል። ሩቤላ የሚባለው ቫይረስም በሌላ በኩል ይመሰክራል፦ በእናታቸው ማህፀን ሳሉ የያዛቸው ልጆች፣ ማለትም ቫይረሱ ለወራት የቆየባቸው፣ ካደጉ በኋላ ስኳር በብዛት ታይቶባቸዋል።

ኮሮናስ?

እዚህ ላይ ላቦራቶሪዎቹም አልተስማሙም። በ2020 የወጡ ሁለት ሥራዎች የኮሮና ቫይረስ መግቢያ የሆነው ኤሲኢ2 በቤታ ሴሎች ላይ እምብዛም የለም፣ ያለው በቆሽቱ ቱቦዎችና በትንንሽ የደም ሥሮች ላይ ነው አሉ። በ2021 ሌሎች ደግሞ ቫይረሱ የሰው ቤታ ሴል ውስጥ እንደሚገባ አሳዩ። ከእነሱ አንዱ የተያዙት ቤታ ሴሎች ኢንሱሊን ቀንሰው፣ የሌሎች የቆሽት ሴሎች መለያ የሆኑትን ግሉካጎንና ትሪፕሲን መሥራት እንደጀመሩ ዘገበ። ሴሉ ሳይሞት ማንነቱን ለወጠ ማለት ነው።

ሕዝብ ላይ የተሠሩት ጥናቶችም እንዲሁ ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥ ከ35 ዓመት በታች የሆኑትን ያየው ጥናት የዓይነት 1 ጭማሪን ያገኘው ከኢንፌክሽኑ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ብቻ ነው። ዓይነት 1 ደግሞ ብዙ ጊዜ ወራትና ዓመታት ሲዘጋጅ የሚቆይ በሽታ ነው፤ በ30 ቀን አይሠራም። ስለዚህ ይህ ጭማሪ ባብዛኛው ቀድሞ የተጀመረ በሽታ በምርመራ መገኘቱን ወይም በሕመሙ ጫና መፍጠኑን ያሳያል። ከጀርመኗ ባቫሪያ የወጣው ግን በልጆች ላይ ጭማሪው በቀጣዮቹ ወራትም መቀጠሉን አየ። እኔ እስካሁን ወደ ጥንቃቄው ወገን አደላለሁ፤ በጣም ሕፃናት በሆኑት ላይ ያለው ምልክት ግን ችላ የሚባል አይደለም።

ለአንድ ግለሰብ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በምርመራ ይለያል። ኤችቢኤ1ሲ የሚባለው የደም ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ስኳር ያሳያል። ኢንፌክሽኑ በያዘው ሳምንት ይህ ቁጥር በጣም ከፍ ብሎ ከተገኘ ስኳሩ ከቫይረሱ በፊት ነበር ማለት ነው። በቤታ ሴል ላይ የተነሱ አንቲቦዲዎች ካሉ ዓይነት 1 ነው። ሁለቱም ከሌሉ ሌላ መንገድ አለ፦ ከባድ ሕመም ራሱ ስኳርን ያንራል፣ ለከባድ ኮሮና የሚሰጠው ዴክሳሜታሶንም እንዲሁ፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሕመሙና መድኃኒቱ ሲያልፉ ይወርዳል። ልጆች ላይ ግን መጠበቅ አያዋጣም። ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ መክሳት፣ ማስታወክና በጥልቀት መተንፈስ ከታየ ጉንፋን ነው ብሎ ማሳደር አደገኛ ነው፤ በዚያው ቀን ደም መመርመር አለበት።

ወዴት ያደርሳል?

ቫይረሱ ቆሽት ውስጥ ተቀምጦ ጉዳቱን የሚያስቀጥል ከሆነ፣ ቫይረሱን ማጥፋት ቤታ ሴሎችን ማትረፍ አለበት። ኖርዌይ የሚመራው ቡድን ይህን ሞከረ። ዓይነት 1 በቅርቡ የተገኘባቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 96 ልጆች ለስድስት ወር ፕሌኮናሪልና ሪባቫሪን የተባሉ ፀረ ቫይረስ መድኃኒቶች ወይም ባዶ ማስመሰያ ተሰጣቸው። በ2023 በወጣው ውጤት ከዓመት በኋላ መድኃኒት የወሰዱት ልጆች የራሳቸውን ኢንሱሊን የማምረት አቅም ከሌሎቹ በተሻለ ይዘው ተገኙ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ማንም ከኢንሱሊን መርፌ አልዳነም። ግን ከአርባ ዓመት በላይ በናሙናና በግምት ሲካሄድ የነበረ ክርክር መጀመሪያ ጊዜ ሕክምና ላይ ተፈተነ።

ክትባቱ ላይም ተስፋና ጥርጣሬ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አውስትራሊያ በ2007 የሮታቫይረስ (ሕፃናትን የሚያስቀምጥ ሌላ ቫይረስ) ክትባት ከጀመረች በኋላ ከ0 እስከ 4 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ የዓይነት 1 ስኳር 14 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ፊንላንድ ውስጥ በሙከራ ክትባቱን የወሰዱ ልጆች ከዓመታት በኋላ ሲታዩ ግን ልዩነት አልተገኘም። ከኮክሳኪ ቢ1 እስከ ቢ5 ያሉትን የሚከላከል ክትባት ደግሞ እዚያው ፊንላንድ ውስጥ በጤነኛ አዋቂዎች ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራውን አልፏል፤ የተጠናው ደኅንነቱና አንቲቦዲ ማስነሳቱ ነው። ስኳርን ይከላከላል ወይ የሚለው ሌላ ሥራ ነው። ለዚያ የዘር አደጋ ያለባቸውን ጨቅላዎች መከተብና አንቲቦዲው እስኪታይ ወይም ሳይታይ እስኪቀር ድረስ ለዓመታት ደማቸውን መከታተል ይጠይቃል።